ገደሉን ተቀምጦ ማየት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "ቲቸር የሺ፣ ተማሪዎቹ አልናፈቁዎትም?" ይለኛል። ይሉኝታ ይይዘኝና "እንዴት አይናፍቁኝ" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የናፈቀኝ ድንጋይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ድንጋይ ጠፍቶ አያውቅም። ልጄ ቤት ስታጸዳ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንዱን አንስታ "እማ፣ ይሄ ይጣል?" ስትለኝ የምቆጣውን ያህል በሌላ ነገር አልቆጣም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ "ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ ዳቦ ይዞ ይገባል፣ የኔዋ ኮረት ይዛ ትመጣለች" ይል ነበር።

ሥራዬ ምድርን ማስተማር ነበር። በጂኦግራፊ ጀመርኩ፣ በጂኦሎጂ ቀጠልኩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጨርሶ ያላሰብኩት መጣና የዓባይን ገደል ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን በመነጽር ማስተማር ጀመርን። የጡረታ ወረቀቴን ለማስጨረስ ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ አንዲት የፋይል ሠራተኛ "እርስዎ ነዎት እንዴ ያቺ የመነጽሯ?" አለችኝ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ የቀረልኝ ስም እሱ ነው። አልከፋኝም። ግን ነገሩ የኔ ብቻ ስላልሆነ፣ የማን እንደሆነ ልናገር ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

የመጀመሪያ ምደባዬ አማኑኤል የምትባል የጎጃም ከተማ ነበር። ዳይሬክተራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ የታመመ አስተማሪ ቤት ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ሉል ግን ቢሯቸው ቆልፈውበታል። "ልጆቹ ያሽከረክሩትና ይሰበራል" ይላሉ። የማይሽከረከር ምድር ምን ሊያስተምር ነው? ተከራክሬ ተከራክሬ ሲያቅተኝ ድንች ገዝቼ፣ መሐሏን በከሰል አስምሬ፣ በእንጨት ወግቼ እያዞርኩ አስተማርኩ። የኋላ ኋላ ዳይሬክተሩ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ ሉሉን ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ። "ከድንች ይሻላል ብዬ ነው" አሉ። እኔ ግን ድንቿን ለምጃት ነበር።

ከዚያ ደምበጫ ተዛወርኩ። እዚያ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ተማሪውም ብዙ ነው፣ በገበያ ቀን ግን ግማሹ የለም። ደመወዙ ያው የአስተማሪ ደመወዝ ነው፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ትምህርቴን እንዳሻሽል ደብረ ማርቆስ የተላክሁት ከደምበጫ ነው። ጋሽ እንየውን ያገኘሁትም ያኔ ነው።

ጋሽ እንየው የመስክ ጂኦሎጂ መምህራችን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። ሌላው መምህር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ ሲሞላ፣ እሱ አንድ ድንጋይ አምጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ያዞርና ደወል ይደወላል። ድንጋይ ሳያስይዝ ስለ ድንጋይ አያወራም። መጀመሪያ ሰሞን "ይሄ ሰውዬ ሰነፍ ነው" ብዬ ለጓደኞቼ አምቼዋለሁ።

ፋሲካ ሲያልፍ በአውቶቡስ ጭኖ ደጀን ወሰደን። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ እንደ ወጉ ጫጫታው ቀለጠ። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ድንጋይ ይወረውራል፣ ሌላው ወንዙን በጣቱ ያሳያል። ጋሽ እንየው "ቁጭ በሉ" አለ። ተቀመጥን። ከኪሱ ብርቱካንና ሰንጢ አወጣና መላጥ ጀመረ። ሲልጥ አይቸኩልም፤ ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ሆኖ እስኪወርድ ቀስ እያለ ያዞረዋል። እስኪጨርስ ማንም እንዲናገር አይፈቅድም። እኔ ነኝ መቼም፣ አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ ይሄ ላይኛው ባዛልት ነው አይደል?"

"ስሙን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ ዓይኑን ከብርቱካኑ ሳያነሳ።

አፈርኩ። ልጣጩ ወርዶ አለቀ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ "እህ፣ ምን አየሽ?" አለኝ።

"ድንጋይ።"

"ምን ዓይነት?"

"ጥቁር።"

"ሁሉም ጥቁር ነው?"

እንደገና አየሁ። ለካ ጥቁሩ አንድ ወጥ አይደለም፤ በጥቁሩና በጥቁሩ መሐል ቀጭን ቀይ መስመር አለ። "ቀይ ነገር አለ" አልኩት።

"ምን ይመስልሻል?"

"አፈር ይመስላል።"

"ድንጋይ አፈር እስኪሆን ምን ይፈልጋል?"

"ጊዜ" አልኩ። እሳተ ገሞራው ፈስሶ ረግቶ፣ ላዩ አፈር እስኪሆን ቆይቶ፣ ዝናብ ዘንቦበት፣ ሣር በቅሎበት፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የፈሰሰበት። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጋሽ እንየው ከብርቱካኑ አንድ ፍልቃቂ ቆርሶ ሰጠኝ። ከዚያ ሥራ ሌላ ሥራ አልፈልግም ያልኩት ያኔ ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ ረዳቱ ሆኜ እዚያው ቀረሁ። ብዙ ዓመት አብረን ወርደናል። ከአፋፉ ጥቁሩን ድንጋይ አይተን እንነሳለን። ቁልቁል ስንሄድ ሹራቡም ኮቱም አንድ በአንድ ይወልቃል። መሐል ላይ ነጩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ከነቅርጹ ድንጋይ ሆኖ የሚገኝበት ነው። ከታች ጄሶውና ቀዩ አሸዋ ድንጋይ አለ። በየማረፊያው ቁጭ ያስብላል፤ በየማረፊያው ብርቱካን ይልጣል። ጉዞው ደግሞ ሁልጊዜ በሃምሳው ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ጾም በሌለበት ወቅት ማለት ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች ቀኑን ለመቀየር ቢለምኑት ቢለምኑት አይሰማም። ምክንያቱንም አይናገርም። እኔ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ደጀን ሥጋ ቤቶች አሉ፣ ስንመለስ ጎራ እንላለን፣ እሱም ሥጋ ይወዳል። አለቀ።

ዓመታት አለፉና የጋሽ እንየው ጉልበት አስቸገረው። ጡረታ ወጣና ትምህርቱን ለኔ ተወልኝ። ብዙም ሳይቆይ ጊዜው ተበላሸ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ለምን እንደሆነ እኛ አካባቢ የኖረ ያውቀዋል፤ ማብራራት የኔ ፋንታ አይደለም። እኔን የጨነቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ገደሉን ሳያዩ አራተኛ ዓመት ሊደርሱ ነው። መስክ ያልወጣ ጂኦሎጂስት ማስመረቅ አይቻልም። አውቶቡስ መላክም አይቻልም። አንዱ ኮሚቴ "ትምህርት ክፍሉ ለጊዜው አዲስ ተማሪ አይቀበል፣ ያሉትም ወደ ሌላ ይዛወሩ" የሚል ሐሳብ አመጣ። ለጊዜው የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጋሽ እንየው ዕድሜውን የከፈለበት ትምህርት እጄ ላይ ሊሞት ነበር።

ያን ጊዜ ነው ስማቸው የሚባለው ልጅ የመጣው። ስማቸው የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ወጣት፣ ለፍላፊ፣ እጁ ያለ መሣሪያ የማይቀመጥ። "እትዬ የሺ፣ ገደሉ ጋ መሄድ ካቃተን ገደሉን ለምን አናመጣውም?" አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ልቆጣው ነበር። ለካ ከአንድ ፕሮጀክት የቪአር መነጽር ሊያገኝ ነው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል፤ ዓይን ላይ የሚታሰር ወፈር ያለ መነጽር ነው። ከለበሱት ያሉበት ክፍል ይጠፋና የተቀረጸው ቦታ ይመጣል፤ ዞር ሲሉ እሱም ይዞራል፣ ቀና ሲሉ ሰማዩ ይታያል። ስማቸው የደምበጫን አውቶቡስ መናኸሪያ ቀርጾ ለሙከራ በተሰጠው አንድ መነጽር አሳየኝ። አንድ ባጃጅ መጣብኝና ወንበሬን ይዤ ዘለልኩ። ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁና መነጽሩን አወለቅሁ። "ይሄ ነገር ይሆናል" አልኩት።

እግዜር ሲፈቅድ በዚያው ዓመት በሃምሳው መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፈተ። ካሜራውን ይዘን ወረድን። ጋሽ እንየውን በልመና ይዘነው ሄድን፤ መኪና በሚደርስበት ማረፊያ ሁሉ እየደገፍን እናወርደዋለን። ካሜራው ዙሪያ ገባውን በአንዴ ስለሚቀርጽ የሚደበቁበት ጀርባ የለውም። ስማቸው "ሁላችንም ከድንጋይ ኋላ እንደበቅ" አለ። እኔ ተደበቅሁ፣ ሾፌሩ ተደበቀ። ጋሽ እንየው ግን ካሜራው አጠገብ ተቀምጦ ቀረ።

"ጋሼ፣ ይታያሉ እኮ" አለው ስማቸው።

"ልታይ። በዚህ ጉልበቴ ከድንጋዩ በምን እለያለሁ?"

ቀጥሎ ደግሞ የካሜራው መቆሚያ ላይ ክርክር ተነሳ። ስማቸው በቆመ ሰው ዓይን ልክ አድርጎ፣ አፋፉ ጫፍ ላይ ተክሎታል። ጋሽ እንየው "ዝቅ አድርገው፣ ወደ ኋላም ሳብ አድርገው፤ የተቀመጠ ሰው ልክ ይሁን" አለ። ስማቸው የተጻፈው መመሪያ የቆመ ሰው ልክ እንደሚል አስረዳ። ለኔም ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ማየቱ የበለጠ የሚያስደንቅ መሰለኝ። ሆኖም ሽማግሌ ላለማስከፋት በየማረፊያው ሁለት ሁለት ጊዜ ቀረጽን፤ አንዱን ቆሞ ለትምህርቱ፣ አንዱን ዝቅ አድርገን ለጋሽ እንየው ደስታ። የሱን ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጥነውና ረሳነው።

መነጽሮቹ የደረሱት በዓመቱ ነው፤ ሁዳዴ ገብቶ። ዲኑና የኮሚቴው አባላት "በቶሎ አሳዩን፣ ከዚያ እንወስናለን" አሉ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት። ዳገት አይወጣ፣ ቁልቁለት አይወረድ፤ ጾሙ ምን ያደርጋል? እኔም ጾሜ ነው የመጣሁት። ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ከተማሪዎቹ ጥሩወርቅ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ደምበጫ አካባቢ ዜማ ያስተምራሉ። ልጅቷ ድንጋይ ስትይዝ የሚያስቀና አያያዝ አላት፤ ታገላብጠዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ለመናገር አትቸኩልም። "ይቺ የጋሽ እንየው ተማሪ መሆን ነበረባት" እያልኩ አዝን ነበር። "ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል ትዛወራላችሁ" የሚለው ወሬ ሲሰማ ቢሮዬ መጥታ "ቲቸር፣ እኔ ሌላ አልማርም። ከዘጋችሁት ወደ ቤቴ ነው የምገባው" ብላኛለች። እንግዲህ ያን ቀን ከፊት ያቆምኳት እሷን ነው።

ተማሪዎቹን በሰልፍ አቁመን መነጽሩን አሰርንላቸው። ስማቸው አስነሳው። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ "ውይ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ደስ አለኝ። ወዲያው አንዱ ልጅ ግድግዳ ፍለጋ እጁን ዘረጋ። ሌላዋ አፏን ይዛ ተቀመጠች። ጥሩወርቅ ከአፋፉ ልትሸሽ ነው መሰል ወደ ኋላ ተራመደች፣ ተንገዳገደች፣ ዞራ ወደቀች። ግንባሯ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አረፈ። መነጽሩን ሳወልቅላት ደም ፊቷን ሸፍኖታል። ራሷን ስታ ነበር። ዲኑ ውኃ አምጡ ይላል፣ አንዱ ልጅ "በሁዳዴ እንዴት ውኃ ትጠጣለች" ይላል። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

"ምን አየሽ የኔ ልጅ?" አልኳት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

"ምንም አላየሁም ቲቸር። ጨለማ ብቻ።"

ግንባሯ ተሰፋ። መነጽሮቹ ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ወሬው በረረ፤ መነጽሩ መንፈስ አለበት፣ የጾመ ሰው አይወድም፣ ነፍስ ይሰርቃል ተባለ። ዲኑ "ቲቸር የሺ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን በዚህ አበቃ" አለኝ። ምን ብዬ ልከራከረው? ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ የዚያን ቀን ያህል ተሸንፌ አላውቅም።

በማግስቱ ጋሽ እንየው ቤት ሄድኩ። ነገሩን ከላይ እስከ ታች ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

"መቼ ነው ያሳያችኋቸው?"

"ዓርብ ጠዋት።"

"በሁዳዴ?"

"በሁዳዴ።"

"ቆመው?"

"ቆመው።"

"የሺ፣ ሁልጊዜ በሃምሳው የምወርደው ለምን ይመስልሽ ነበር?" አለኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። "ለደጀን ሥጋ ነው የሚመስለኝ" አልኩት።

ሳል እስኪይዘው ሳቀ። "ያን ሁሉ ዓመት ሆዳም አድርገሽኝ ኖረሻል?" ዓይኑን ጠራረገና ነገረኝ። ማስተማር በጀመረበት ዓመት በጾም ወርዶ ኖሯል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ አንድ ተማሪ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ ራሱን አዞረው፤ በቀበቶው ባይይዙት ኖሮ አልቆለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በጾም አልወረደም፣ ማንንም ቆሞ ገደል አላሳየም። ብርቱካኑም ለዚሁ ነው፤ ልጆቹ ተቀምጠው፣ ራሳቸው ረግቶ፣ አፋቸው ጣፋጭ ነገር እስኪቀምስ ጊዜ ለመግዛት።

"ታዲያ ምነው አልነገርከኝም?" አልኩት። ከንዴቴ ብዛት አንተ አልኩት።

"ስታደርጊው ታውቂዋለሽ ብዬ ነዋ። ድንጋይ አስይዣቸዋለሁ፣ አስቀምጣቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። ሌላ ምን ልንገርሽ?"

ከሱ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ስማቸው ጋ ሄድኩ። "ያ ዝቅ አድርገን የቀረጽነው አለ?" አልኩት። ፈልጎ አገኘው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ይዤ፣ መነጽሩን አሰርኩ። ገደሉ ከፊቴ ተዘረጋ፤ ራሴን አላዞረኝም። መሬት ላይ ነኝ፣ መቀመጫዬ ረግቷል፣ እጄ ላይ ያለው ድንጋይ ከማየው ድንጋይ ጋር አንድ ነው። ወደ ቀኝ ዞር ስል ጋሽ እንየው አጠገቤ ተቀምጧል። ባርኔጣውን ደፍቶ ብርቱካን ይልጣል። ሲቀረጽ አላየሁትም ነበር፤ ከድንጋይ ኋላ ተደብቄ ነበራ። ልጣጩ ሳይበጠስ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደዚያን ቀን። መነጽሩ ውስጥ ያለቀስኩት እንባ መስታወቱን አደፈረሰውና ስማቸው ተቆጣኝ።

በዚያው ሳምንት መሪጌታ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ጥምጣማቸው የጠራ፣ ንግግራቸው የለዘበ፣ ፊታቸው ግን የቆረጠ ነው። ልጅቷ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

"መምህርት፣ ልጄን በሕይወት ስላቆዩልኝ አመሰግናለሁ። ከንግዲህ ግን ይብቃት" አሉኝ።

"መሪጌታ፣ ከመሄድዎ በፊት ቁጭ ብለው ቢያዩትስ? ካዩት በኋላ እንዳሉት ይሁን።"

አመነቱ። ሰዓቱ አስር አልፏል፤ እህል ቀምሰዋል። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን ማውረድ ስላልፈለጉ መነጽሩን በሁለት እጃቸው ዓይናቸው ላይ ያዙት። የመካከለኛውን ማረፊያ ከፈትንላቸውና ከኖራ ድንጋዩ ዛጎል ያለበትን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ ቆዩ። አንድ ጊዜ ብቻ "እኒህ ብርቱካን የሚልጡ ሰውዬ ማን ናቸው?" አሉ።

"የኔ መምህር ናቸው።"

"ቸኩለው አይልጡም" አሉ፤ ሲያመሰግኑት ነው።

መነጽሩን ሲያወርዱ ዓይናቸው ርቆ ነበር። "ይህን ቁልቁለት በተማሪነቴ ወደ ሸዋ ስሻገር በእግሬ ወርጄዋለሁ" አሉ። "እንዳልወድቅ ዓይኔን ከእግሬ አላነሳሁም። እንዲህ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት።" ዛጎሉን አገላበጡት። ልጅቷ ድንጋይ የምትይዝበት አያያዝ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። "እዚህ ባሕር ነበር ማለት ነው?"

"ነበር መሪጌታ።"

"ስንት ዘመን ሆነው?"

ቁጥሩን ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። "ቁጥሩን ለልጄ ንገሯት። እኔ ባሕሩን ተቀብያለሁ።" ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ። "በይ ተማሪ። በጾም ግን ይህን ነገር አስረሽ እንዳልሰማ።"

ለማሳመን ከመሪጌታ ይልቅ ዲኑ አስቸገረኝ። ፋሲካ አልፎ አንድ ዕድል ብቻ ሰጠኝ፤ ካልሆነ ዝውውሩ ይፈጸማል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚፈትን ሰው ተጠራ። ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ወንበሩን ሁሉ አስወጥቼ ሰሌን አነጠፍኩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ድንጋይ አስያዝኩ። ዲኑንም በሱፍ ልብሱ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኩት። "እኔም?" አለኝ። "ገደል ዲን አይለይም" አልኩት። መነጽሩን አስሮ አፋፉን ሲያይ የቀሚሴን ጫፍ ያዘ፤ ያወቀው አይመስለኝም፣ እኔም አላስለቀቅሁትም።

መነጽሩ ውስጥ ጋሽ እንየው ይልጣል። ሁሉም ከሱ ጋር ተቀምጠዋል። ልጣጩ ሲወርድ "ምን አያችሁ?" አልኩ።

ጥሩወርቅ ግንባሯ ላይ ስፌቱ ገና ቀይ ነው። "ጥቁር አለ። ቀይ መስመር አለ። ከዚያ ጥቁር" አለች። ቀስ ብላ ወደ ግራ ዞረች፣ ከዚያም ይበልጥ ዞረች። "ቀዩ መስመር ግን እዚያ ጋ ይጠፋል።"

ፈታኙ "የት?" አለ።

"በስተግራ። ሁለቱ ጥቁሮች የሚገናኙበት። አፈሩ እዚያ አልነበረም ማለት አይመስለኝም። ሌላው ሳይፈስበት በፊት ውኃ ጠርጎት ይሆናል። ትንሽ ሸለቆ ይመስላል።"

ፈታኙ ፊልሙን አስደግሞ አየ። እኔም አየሁ። እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጬ አንድም ቀን ወደዚያ አልዞርኩም፤ የማውቀውን መስመር አይቼ ነበር የምነሳው። እግሬን እንኳ ሳላነሳ ተማሪዬ አዲስ ነገር አሳየችኝ። ኩራቴን መያዝ አቃተኝና ከኪሴ ያዘጋጀሁትን ብርቱካን አውጥቼ ፍልቃቂ ሰጠኋት። ዲኑ ሽታው ደርሶት፣ መነጽሩን ሳያወልቅ "ለኔስ?" አለ።

ትምህርቱ በመስክ ምትክ እንዲያዝ ተወሰነ፤ መንገዱ ሲከፈት ግን ተማሪዎቹ በአካል እንዲወርዱ ፈታኙ አሳሰበ። ልክ ነው። የዝውውሩ ነገርም በዚያው ቀረ። ጥሩወርቅ ጥሩ ውጤት አምጥታ ተመረቀች፤ እኔ ጡረታ ስወጣ የመስክ ትምህርቱን ተረከበች። የሰጠኋት መዶሻና ሰንጢ ነው። ሰንጢው የጋሽ እንየው ነበር።

ዘንድሮ በሃምሳው መንገዱ ተከፈተ። ጥሩወርቅ ተማሪዎቿን ይዛ ወረደች፤ እሷም በአካል ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። እኔ አብሬ አልሄድኩም። ጋሽ እንየው አሁን ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ያን ቀን እሱ ጋ መዋል ፈለግሁ። በረንዳው ላይ እንዳለን ስልኬ ጮኸ።

"ቲቸር፣ መካከለኛው ማረፊያ ደርሰናል። ኔትወርክ አለ። ጋሼ አሉ?"

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ተቀምጣችኋል?" አለ ጋሽ እንየው።

"ተቀምጠናል ጋሼ።"

"በልታችኋል?"

"በልተናል።"

"እንግዲያው ዝም በሉ" አለና ወደኔ እጁን ዘረጋ። ገባኝ። ቤት ገብቼ ብርቱካንና ቢላ አመጣሁለት። ልላጥልዎ ብለው እንደሚቆጣ ስለማውቅ ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ከስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል፣ ሩቅ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል፣ አንድ ተማሪ ሲያስነጥስ ተሰማ። ልጣጩ መሐል ላይ ተበጠሰ። ቆም አለና ከተበጠሰበት ቀጠለ። ሲጨርስ ቀና ብሎ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"እህ፣ ጥሩወርቅ፣ ምን አየሽ?"

"ጋሼ፣ ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ሌላ ነገር ልናገር?"

"ተናገሪ።"

"ይሞቃል። ሹራቤን አውልቄ፣ ነጠላዬንም አውልቄ አሁንም ያልበኛል። ድንጋዩም ትኩስ ነው፣ ለመያዝ እንኳ ያቃጥላል። ይሄ መነጽሩ ውስጥ አልነበረም።"

በረንዳው ላይም ፀሐዩ ደህና ነበር፣ ጋሽ እንየው ግን ጋቢውን እስከ አንገቱ ለብሷል። መዳፉን ገልብጦ አየው፤ የሆነ ነገር የያዘ ይመስል ጨበጥ አደረገው።

"እውነትሽን ነው" አላት። "እኔም ረስቼው ነበር።"

ከብርቱካኑ አንድ ፍልቃቂ ቆርሶ ለኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ስልኩ አጠገብ አስቀመጠ። "በይ አሁን ድንጋዩን ንገሪኝ" አለ፤ እሷም ከላይ ጀምራ ትነግረው ጀመር።